ቢላዋና ችግኝ

ኖልቪያ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ከመውረዷ በፊት ነፋሱን ታዳምጣለች። በምድር ደቡብ ጫፍ ባለችው የደሴት ከተማ፣ ፖርቬኒር ላይ ነፋስ የማይነፍስበት ቀን የለም። ሰው የሚጠይቀው ይነፍስ ይሆን ብሎ አይደለም፤ ዛሬ ደግሞ ምን ይዞ ይሄድ ይሆን ብሎ ነው። የጎረቤት ቆርቆሮ፣ የተሰጣ አንሶላ፣ አንዳንዴም ሰው።

እሷ የምታዳምጠው ጓሯቸው ውስጥ ያለውን የላስቲክ ቤት ነው። ላስቲኩ እንደተኛ ሰው ደረት ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ሲል ከሰማች ትረጋጋለች። ማጨብጨብ ከጀመረ ግን ጫማ ፍለጋ የለም፤ በባዶ እግርም ቢሆን ተነሥቶ መሮጥ ነው።

በዚያ ዓመት ደግሞ ጭንቀቷ ብሶ ነበር። እናቷ፣ ሰፈሩ በአክብሮት ዶኛ ኤዴሊያ የሚላት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የቲማቲም ዘር በወተት ጣሳዎች ዘርታ ከምድጃው በላይ እየደረደረች፣ ቁርጡን ነግራታለች።

«ይኼ በጋ የመጨረሻችን ነው። የላስቲክ ቤቱ ካበላን እንቀመጣለን። ካላበላን ሰሜን፣ አክስትሽ ጋ እንሄዳለን። እዚያ ቲማቲም ሜዳ ላይ ይበቅላል አሉ። ያለ ላስቲክ፣ ያለ ጭንቀት።»

«አንቺ ያለ ጭንቀት ልትኖሪ እማ?»

«አትቀልጂ። የምሬን ነው።»

ኖልቪያም የምሯን እንደሆነ ታውቃለች። ሰሜን ማለት ሰርጡን መሻገር፣ ከዚያ ደግሞ ቀንና ሌሊት በአውቶቡስ መሄድ ነው። ሰሜን ማለት ቪንኮን፣ ልቧ ያለበትን ልጅ፣ አለማየት ነው። ይህን ስም ግን በዚያ ቤት ውስጥ ደፍራ ጠርታው አታውቅም።

የላስቲክ ቤቱ የቆመው በጀልባ አጥንት ነው። የአባቷ የኤራስሞ ጀልባ ነበረች። ባሕሩ እሱን አስቀርቶ ጀልባዋን ገልብጦ ዳር ሲጥላት፣ ሰዎች ለማገዶ ሊፈልጧት መጡ። እናቷ መጥረቢያው ፊት ቆመች። የጀልባዋን የጎን እንጨቶች፣ እነዚያን የጎበጡትን፣ ጓሮ አስተከለቻቸው፤ በላያቸው ላስቲክ አለበሰቻቸው። በዚያ በተገለበጠ ጀልባ ሆድ ውስጥ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ድንብላል ይበቅላል። በአንደኛው ዳር፣ ማንም እንዳይነካባት፣ እናቷ ቀይ የቱሊፕ አበባ ትተክላለች። ከላስቲክ ውጪ ውርጩን የሚችለው ድንችና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው።

ኤራስሞ እንዴት እንደሞተ ኖልቪያ የሰማችው ከመንገድ ነው። የሸርጣን ወጥመዶቹን የሚስበው ገመድ ከባሕሩ ሥር ድንጋይ ነክሶ ቀረ። ነፋሱ ተነሣ። በአጠገቡ የነበሩት ጀልባዎች ገመዳቸውን ቆርጠው ሲሸሹ «ቁረጠው! ኤራስሞ፣ ቁረጠው!» እያሉ ጮኹበት። ወጥመዶቹ አዲስ ነበሩ፤ ሳሳላቸው፤ አልቆረጠም። እናቷ ግን ስለ ገመዱ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። «ባሕር ወሰደው» ብላ ዝም ነው።

ከቪንኮ ጋር የተገናኙት በዶሮ ምክንያት ነው።

የጎረቤታቸውን የዶኛ ዞይላን ዶሮዎች ቀበሮ ፈጃቸው። አሮጊቷም እንደ ቺሎዌ ደሴት ሰዎች ወግ «ሜዳን» የሚባለውን ድግስ፣ የዶሮ ሜዳን ጠሩ። ሜዳን የሚጠራ ሰው ቤቱ የጎደለውን እየተናገረ በየደጁ ዞሮ ይለምናል፤ ቀን ይቆርጣል፤ ድግስ ይደግሳል። የተለመነው ሁሉ ያንን የጎደለውን ይዞ ይመጣል፣ በልቶ ጠጥቶ ጨፍሮ ይሄዳል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሁሉም አንድ ቀን ይጎድልበታላ።

ኖልቪያ አንዲት ቀይ ዶሮ በብብቷ ሸጉጣ ስትገባ፣ አንድ ረጅም ልጅ በሁለት እጁ ትልቅ ሸርጣን ይዞ ከዶኛ ዞይላ ፊት ቆሞ አገኘችው። ሸርጣኑ እግሮቹን ያንቀሳቅሳል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ዶኛ ዞይላ።

«ሸርጣን ነው።»

«መሆኑንማ አያለሁ። ዶሮ ነው እኮ ያልነው!»

«ዶሮ የለኝም።»

«ታዲያ ይኼ እንቁላል ይጥልልኛል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኖልቪያም ስትስቅ ብብቷ ላላና ዶሮዋ በርራ ጠረጴዛው ሥር ገባች። እሷ በአንድ በኩል፣ ልጁ በሌላ በኩል ተንበረከኩ። ዶሮዋን ቀድሞ የያዘው እሱ ነው። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ዶሮዋ መጮኽ ጀመረች።

«ያንቺ ናት?» አላት።

«አንተው ስጣቸው። ዶሮ ይዞ መጣ ይባልልሃል።»

«አንቺስ ባዶ እጅሽን?»

«እኔ ሸርጣኑን እወስዳለሁ።»

ቪንኮ ይባላል። አያቶቹ ከክሮኤሽያ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ የሚሠራው በሸርጣን ጀልባ ላይ ነው። የቺሎዌዎችን ወግ በደንብ አያውቀውም፤ ወዶታል ግን። ከምሳ በኋላ ዶኛ ዞይላ አጠገብ ተቀምጦ ይጠይቃቸው ጀመር።

«ሰው ለጎረቤቱ ሜዳን ሊለምንለት ይችላል?»

«ኧረ ነውር ነው! ያን ቤት መናቅ ነው። ሜዳን የሚለመነው ለገዛ ቤት ነው። አንተ መጀመሪያ ቤት ይኑርህ፤ ሚስት ይኑርህ፤ ከዚያ ትለምናለህ።»

ቪንኮ እስከ ጆሮው ቀላ። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ኖልቪያ ሄዶ ተመለሰ። ዶኛ ዞይላ ይህን አይተው ከንፈራቸውን በጥርሳቸው ያዙ።

ከዚያ ወዲህ ነፋስ በርትቶ ጀልባዎች እንዳይወጡ በተከለከሉ ቁጥር፣ ቪንኮ በጓሮው አጥር ዘሎ መምጣት ለመደ። እናቷ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስታገለግል ነው የሚመጣው። የቲማቲሙን ግንድ የሚደግፍ አሮጌ መረብ አመጣ። ማዳበሪያ የሚሆን የባሕር ሣር በጆንያ አመጣ። የሚያወራው ጥቂት ነው፤ እሷ ስታወራ ግን የያዘውን ያስቀምጣል።

አንድ ቀን ቲማቲሙ ማበብ ሲጀምር አበባውን በጣቷ ጫፍ መታ መታ ስታደርግ ቆሞ አያት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እዚህ ውስጥ ንብ የለማ። አበባው ካልተነካ ፍሬ አይዝም። ና ሞክረው። ቀስ በል! ገመድ እየጎተትክ አይደለም።»

ያ ሰፊ፣ በጨውና በገመድ የተሰነጣጠቀ ጣት ትንሿን ቢጫ አበባ ነካ። አበባዋ ተንቀጠቀጠች። 

«ፍሬ ይይዛል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አይታወቅም። ስንት ነገር አለ፤ ውርጭ አለ፣ ነፋስ አለ፣ በሽታ አለ።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን።»

«የማን ልጅ ነኝ?»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው አለቀ። ከውጭ ነፋሱ ያፏጫል፣ ከውስጥ የእርጥብ አፈር ሽታ አለ፤ ክንዱ ክንዷን ነክቶ እንደነካ ቀረ።

ያጋለጣቸው የባሕር ሣሩ ነው። እናቷ የቱሊፕ መደቧን ስትኮተኩት አፈሩ ውስጥ አገኘችው፤ አንሥታ አሸተተችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማን ነው?»

ኖልቪያ መዋሸት አልቻለችም። «ቪንኮ።»

«ከሸርጣን ጀልባ ላይ ያለው?»

«እማ፣ ጥንቁቅ ልጅ ነው።»

«አባትሽም ጥንቁቅ ነበር። የሚሞተው ጥንቁቁ ነው፤ ግድ የለሹማ ቤቱ ተኝቷል!» የባሕር ሣሩን ከመደቡ ውጪ ወረወረችው። «ስሚኝ ልጄ። ባሕር ለሚውል ሰው ከዚህ ቤት ሴት አትወጣም። አንዴ ወጥታለች። እኔ።»

ኖልቪያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፋሱን ሁለቴ ማዳመጥ ያዘች፤ አንዴ ለላስቲኩ፣ አንዴ ለቪንኮ ጀልባ።

የሙታን መታሰቢያ ዕለት እናትና ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቱሊፖች ቆርጠው ወደ መቃብር ሄዱ። በኤራስሞ መስቀል ሥር የተቀበረ ማንም የለም፤ እናቷ ግን አፈሩን ሰው እንደተኛበት እየደባበሰች ነው አበባ የምታስቀምጠው። ሲወጡ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ ግን በመቀስ የተከረከሙት ረጃጅም የመቃብሩ ጥዶች አናታቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ። ቱሊፖቹ ከመስቀሉ ሥር ተነሥተው በረሩ።

እናቷ ቀና አለች። «የላስቲክ ቤቱን በር ዘግተሻል?»

«ዘግቻለሁ።»

«በሽቦው?»

ኖልቪያ አፏን ከፈተች። በሩን ገፍታ መዝጋቷን ታስታውሳለች። ነፋስ እንዳይከፍተው በሩን የሚይዘውን ሽቦ ማሰሯን ግን... ወደቡ ተዘግቶ ከሆነ ቪንኮ ብቅ ሊል ይችላል ብላ ስታስብ ነበር። 

«በሽቦው አስረሽዋል ወይ?» እናቷ ጮኸች።

መልሱን ሳትጠብቅ መሮጥ ጀመረች። ኖልቪያም ተከተለቻት። ነፋሱ ከፊት ይገፋቸዋል፤ ሻርፓቸው በርሮ ሄደ፤ ከየጣሪያው የሚነሣው የቆርቆሮ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል።

ቤቱን ዞረው ጓሮ ሲደርሱ የላስቲክ ቤቱ በር የለም። ነፋሱ በባዶው ደጃፍ ገብቶ ላስቲኩን እንደ ፊኛ ነፍቶታል። ከነፋሱ ማዶ ባለው ጎን ደግሞ ቪንኮ ቆሟል። በእጁ የዓሣ ቢላዋ ይዟል። ቢላዋውን ከላይ ሰክቶ እስከ ታች ድረስ ላስቲኩን ተረተረው። አሁንም ሌላ ቦታ ሰክቶ ተረተረው።

ኖልቪያ ያየችው ቢላዋውን ብቻ ነው። በተቀደደው በኩል ነፋሱ ሁሉን ይዞ ወጣ፤ የሰላጣ ቅጠል፣ የቲማቲም ግንድ ከነአበባው፣ ጣሳ፣ አፈር። እሷና እሱ በጣታቸው ጫፍ የነካኩት አበባ ሁሉ አጥሩ ላይ ተለጠፈ።

«ምን አደረግህ?» እናቷ ቡጢዋን ጨብጣ ሄደችበት። «ምን አደረግህ አንተ!»

ቪንኮ ዞረ። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ይደማል። «በሩ ሄዷል» አለ እያለከለከ።

«በሩ ሄደ ብለህ ግድግዳውን ትቀድዳለህ? እንጀራችንን ትቀድዳለህ? ቢላዋህን ይዘህ ከግቢዬ ውጣ!»

«ዶኛ ኤዴሊያ፣ ሌላ መንገድ...»

«ውጣ አልኩ!»

ኖልቪያን አያት። አንድ ቃል እየጠበቀ መሆኑ ያስታውቃል። እሷም ያቺ ቃል አፏ ላይ ነበረች፤ ሽቦውን ያላሰርኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን በልቧ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቢላዋውን ጠልታዋለች። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

ቪንኮ ቢላዋውን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ አጥሩን ዘሎ ሄደ።

ነፋሱ የተወውን ውርጭ ጨረሰው። በማግስቱ ጠዋት የቀሩት ችግኞች እንደተቀቀለ ቅጠል ጠቁረው ተኝተዋል። እናቷ አላለቀሰችም። ከቁም ሣጥኑ ላይ ሻንጣዎቹን አወረደችና አቧራቸውን ጠረገች።

«በቅዳሜው መርከብ» አለች። 

ኖልቪያ ወደ ወደቡ ሮጠች። ይቅርታ ልትለው ይሁን ልትጮኽበት ራሷም አላወቀችውም። ወደቡ ተከፍቶ ጀልባው ከሌሊቱ ጀምሮ ወጥቷል። ውሃው ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ብቻ አለች።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ የሞተውን ሊነቅሉ የላስቲክ ቤቱ ገቡ። የተቀደደው ላስቲክ ከጀልባዋ አጥንት ላይ እንደ አሮጌ ልብስ ተንጠልጥሏል።  ኖልቪያ በነፋሱ በኩል ካሉት ምሰሶዎች አንዱ ሥር ስትደርስ እጇ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

ምሰሶው ከመሬት ወጥቷል። ሥሩ ዙሪያውን አፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ከታች ለዓመታት ተቀብሮ የጠቆረው እንጨት ክንድ ያህል ብቅ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ያለውንም አየች፤ እሱም ወጥቷል። በዚያ ጎን ያሉት ሁሉ ወጥተዋል። ቤቱ ሊበርር ነበር። ከነምሰሶው፣ ከነማገሩ፣ የአባቷ ጀልባ ሁለተኛ ሊሄድ ነበር። ነፋሱ መውጫ ሲያገኝ ነው መልሶ የተቀመጠው።

«እማ፣ ነይ እዪ።»

እናቷ መጥታ ቆመች። አየች። እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተችና ጥልቀቱን ለካች፤ እግሯን አላወጣችም።

«ሽቦውን አላሰርኩትም» አለች ኖልቪያ። እንባዋ መጣ። «በሩ የሄደው በእኔ ነው። እሱ በሩን ከመሄድ አላዳነውም፤ ይህን ግን አድኗል። እኔ ደግሞ ቆሜ ዝም አልኩ።»

እናቷ የጎበጠውን እንጨት በመዳፏ ያዘች። 

«ኤራስሞ አልቆረጠም» አለች። ድምፁ የእሷ አይመስልም። «ሁሉም ቁረጠው ብለውታል። ወገቡ ላይ ቢላዋ ነበረው። ስንት ዓመት ሙሉ ይኼን ሰው እረግመዋለሁ። ለገመድ ብሎ! ለወጥመድ ብሎ!»

ኖልቪያ እናቷን አቀፈቻት። ትንሹ አካሏ እንደ ላስቲኩ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

«እንግዲያው አንሄድም?» አለች ቀስ ብላ።

እናቷ ዓይኗን ጠረገች፤ የድሮው ፊቷ ተመለሰ። «እንሄዳለን እንጂ። አጥንት አይበላም። በዚህ ወር እንደገና ዘርተን መች ይደርሳል? ውርጩ ይቀድመናል። ልጁም ቢሆን ነገ ባሕር ላይ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ነፋሱ እንደገና ተነሣ። እናቷ ሰሃኖችን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር። አንዱን ሰሃን ጠቅልላ ፈታችው፤ እንደገና ጠቀለለችው፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች።

«ወጥተዋል?» አለች ዞር ሳትል።

«እነማን?»

«ጀልባዎቹ ናቸዋ! ሌላ ማን ይወጣል?»

ኖልቪያ መጥታ የመስታወቱን ላብ በእጅጌዋ ጠረገችው።  ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው ነጭ አረፋ የለበሰውን ሰርጥ ሲያዩ ቆዩ። ኖልቪያ በልቧ ቪንኮን ቀብራዋለች፤ አልቅሳለታለች፤ ከሻንጣዋ ጥቁር ልብሷን እስከማውጣት ደርሳለች።

ወደ ምሽቱ ዶኛ ዞይላ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። «ተመልሰዋል፤ ሁሉም ደኅና ናቸው» አሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ሻንጣዎቹን አየት አደረጉ። «ቅዳሜ ቁርጥ ነው?»

«ቁርጥ ነው» አለች እናቷ።

«መርከቡ ከሰዓት በኋላ አይደል? ጠዋት ቤት ናችሁ ማለት ነው።»

«የት እንሄዳለን?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» ብለው ወጡ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ኖልቪያ አጥሩን ስታይ ዋለች። ቪንኮ አልመጣም። ጀልባው ወደቡ ውስጥ ታስሮ ይታያል፤ እሱ የለም። በቃ ተውኩ ብሎ ይሆናል አለች። ማን ይፈርድበታል? አንድ ቃል ሲፈልግ መሬት መሬቱን ያየችው እሷ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዎቹ በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። ምድጃው ጠፍቷል። እናቷ ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ እንግዳ ተቀምጣለች። በሩ ተንኳኳ።

ኖልቪያ ስትከፍት ዶኛ ዞይላ ቆመዋል። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የቲማቲም ችግኝ ይዘዋል፤ ክንድ የሚያህል፣ አበባ የያዘ፣ ከመስኮታቸው ሥር ያሳደጉት። ከኋላቸው ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱን አስከትሎ ሰላጣ በሳጥን ይዟል። ከእነሱም ኋላ ሰው አለ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ችግኙን ከነፋስ በኮቱ ከልሎ ይዟል። ቆስጣ በባልዲ፣ ድንብላል በሻይ ማንቆርቆሪያ፣ የዳሊያ አበባ ሥር በካልሲ ውስጥ፣ እንጆሪ፣ ቱሊፕ ከነአፈሩ። እዚያ አገር ሰው ሁልጊዜ ከሚፈልገው በላይ ይዘራል፤ ውርጭ ስንቱን እንደሚወስድ ማን ያውቃል?

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች እናቷ ከበስተኋላ መጥታ።

«የችግኝ ሜዳን ነዋ» አሉ ዶኛ ዞይላ። «በየደጃችን ተለመንን፣ መጣን።»

የእናቷ ፊት ደም ለበሰ። «እኔ ማንንም አልለመንኩም! ለእኔ ቤት የሚለምነው ማነው? ይህን ያህል ወድቄያለሁ?»

«ለአንቺ ቤት አልተለመነም» አሉ አሮጊቷ ረጋ ብለው። «ነውር መሆኑን ነግሬዋለሁ። ልጁ ያለው ‹ለቤቴ ነው› ነው። የትኛው ቤትህ ስለው ይኼንን አሳየኝ።»

ሰዉ መሐል ለመሐል ተከፈለ። ቪንኮ የላስቲክ ጥቅል በትከሻው ተሸክሞ፣ በሌላው እጁ የሚንቀሳቀስ ጆንያ ይዞ መጣ። ቅንድቡ ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም።

«ደግሞ ሸርጣን!» አለ አንዱ ከኋላ። «ችግኝ ነው እኮ የተባለው!»

«ችግኝ የሚያመጡት እንግዶች ናቸው» አለ ቪንኮ። «ጠሪው ነው የሚያበላው።»

የተነሣው ሳቅ ቶሎ ሞተ፤ ሁሉም እናቷን እያየ ነበርና። ቪንኮ ደፉ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ አልተሻገረም። ኖልቪያን አላያትም፤ ለማየት የፈራ ይመስላል።

በዚህ ጊዜ ኖልቪያ ያቺን ቃል አገኘቻት። ከእናቷ ጎን ወጥታ፣ ደፉን ተሻግራ፣ ከእሱ ጎን ቆመች።

«ሽቦውን ያላሰርኩት እኔ ነኝ» አለች፤ መንገዱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «እሱ ቤታችንን አዳነ። እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። ዛሬ ዝም አልልም። ቤቴ ነው ካለ ቤቱ ነው።»

 የቲማቲም ቅጠሎች በነፋሱ ይርገበገባሉ። እናቷ ልጇን አየች፤ ችግኞቹን አየች፤ በመጨረሻ ቪንኮን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ባሕር ላይ ስትሆን» አለች ቀስ ብላ፣ «ቢላዋህን የት ነው የምታደርገው?»

ቪንኮ እጁን ወገቡ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ነው ዶኛ ኤዴሊያ።»

«ገመዱ ድንጋይ ቢነክስብህስ?»

«እቆርጣለሁ።»

«ወጥመዱ አዲስ ቢሆንስ?»

«አዲስም ቢሆን እቆርጣለሁ። ከዚያ ወደ ቤት እመጣለሁ።»

እናቷ ምራቋን ዋጠች።  ከዚያ ከበሩ ዞር አለችና የኮቷን ቁልፎች መፍታት ጀመረች።

«ታዲያ እንግዶችህን ለምን በብርድ ታቆማቸዋለህ?» አለች ጀርባዋን ሰጥታ። «ምድጃው ጠፍቷል። እንጨቱ ከጓዳ ነው። ትልቁ ድስት ሻንጣ ውስጥ ነው፤ አውጣው። ውሃ ጣድ!»

ዶኛ ዞይላ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው አቅቷቸው አለቀሱ። ቪንኮ ሻንጣውን ሊከፍት ሲንበረከክ ኖልቪያም ተንበረከከች። ጆንያው ተፈትቶ አንድ ሸርጣን በሁለቱ መካከል እያዘገመ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ያንተ ነው?» አለችው።

«የኛ ነው» አላት።

ከሰዓት በኋላ መርከቡ ጥሩምባውን ሲነፋ ጓሮው በሰው ተሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ምሰሶዎቹን መልሰው ይቀብራሉ፤ ቪንኮ አዲሱን ላስቲክ በጀልባዋ አጥንት ላይ ይወጥራል፤ እናቷ ቱሊፑን ራሴ ካልተከልኩ ብላ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ትጨቃጨቃለች። ኖልቪያ እጇ አፈር ውስጥ ሆኖ የመርከቡን ድምፅ ሰማችው፤ ቀና ግን አላለችም።

አመሻሹ ላይ ሁሉም ሲሄድ አዲሱን በር ሄዳ አየችው። ሽቦው ታስሯል። ማን እንዳሰረው አላወቀችም፤ እንደገና ፈትታ አሰረችው። ዞር ስትል እናቷ ከኋላዋ ቆማለች፤ እሷም ሽቦውን ልታይ መጥታ ኖሯል።

ሰኞ ንጋት ላይ የሸርጣን ጀልባዎቹ ወጡ። ኖልቪያ ከአልጋዋ ሳትወርድ ነፋሱን ሁለቴ አዳመጠች፤ አንዴ ለላስቲኩ፣ አንዴ ለጀልባው። ከግድግዳው ማዶ፣ ከእናቷ ክፍል፣ አልጋ ሲንቋቋ ሰማች። እዚያም የሚያዳምጥ ሰው አለ።